ደባል

ማሽኗን የገዛኋት ከአራጋው ነው፣ ከሰኞ ገበያ በታች፣
ሦስት እግር ካላት ጠረጴዛ ጋር፤ “አራተኛዋ” አለኝ “ትመጣለች።”
ዘጠኝ ሺህ ብሎኝ በስድስት ተኩል ተለያየን፤
የማብሪያዋን መሰበር ሁለታችንም አይተን እንዳላየን።
ራሟ አራት ጊጋ፣ ዲስኳ ሲዞር እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፤
ከጎኗ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ “ሒሳብ ክፍል፣ ዛህራ።”

ተማሪዎቼ ስምንት ናቸው። የኮሌጁ ማሽኖች
በዚያ ዓመት ከነኬብላቸው፣ ከነመጋረጃው፣ ከነሶኬቶች
ሄዱ። ወዴት እንደሄዱ አናነሳም።
የብሎኑ ቀዳዳ ግን ግድግዳው ላይ ነው፤ አይረሳም።
መጽሐፉ ሦስት ሲስተም ይላል፦ ሰርቨር፣ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፤
አለቃዬ በጀት ይመጣል ይላል፣ ሐምሌ ሲመለስ።

ያኔ ነው የሆጤዋ ክፍል ትዝ ያለችኝ፣ የተማሪነቴ፣
ወይዘሮ ሉባባ በመጋረጃ ሦስት ላይ የቆረጧት ቤቴ፤
በአንዱ ሹፌር፣ በአንዱ እኔ፣ በሦስተኛው ከዳና የመጣ ደረሳ፤
አንድ አምፖል፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ በር፤ ማንም የማንን ዕቃ ሳያነሳ።
ሙሉ ቤት ያለን ይመስለን ነበር በየመጋረጃችን።
“ቨርቹዋል ማለት ደባል ነው” አልኳቸው ልጆቹን። “ማሽናችን
ባለቤት ናት፤ የሚገቡት እንግዶች።”

ምን እንጫን? አንዱ ጥሩ ነው አሉ፤ ፈቃዱ ግን በዶላር ነው፣
የሦስት ወር ደሞዜ ለእሱ ቁርሱ ነው።
አንዱ የተሰረቀ ነው፣ በሠላሳ ብር የሚሸጥ፤
ከውስጡ ቫይረስ ይወጣል፣ ነቀዝ ከጎተራ እንደሚያመልጥ።
ቀሪው ነፃ ነው፤ ዋጋው እንቅልፍ። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ
በሌሊት ጥቅል አወረድነው፣ ተራ ገብተን፣ አንድ በአንድ።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠና ስምንት ከመቶ ላይ፣ መብራት ሄደ፤
ዝምተኛው ይመር ተራገመ፣ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ወረደ።

ሲጫን ደግሞ እንቢ አለ። በቀይ ጻፈ፦ ይህ ማሽን አይችልም።
አመንኩት። ዘጠኝ ቀን አመንኩት። አርጅታለች አልኩ፣ አይሆንም።
ጦይባ ናት (የኋላ ወንበር፣ መነጽሯ በክር የታሰረ)
ኤፍ ሁለትን ደብድባ ቢዮስ ጓዳ ገብታ “ጋሼ፣ ተዘግቶ ነበረ!”

ተዘግቶ ነበረ። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ተዘግቶ፤
ዛህራ ደሞዝ ስትደምርበት፣
አራጋው አቧራ ሲጠርግላት፣ እኔ ስረግማት፣
ያ ክፍል ንፁህ፣ ባዶ፣ ማንም ሳያንኳኳው ቆይቶ።

ከራሙ አንድ ለሰርቨሩ፣ አንድ ለሊኑክስ፣ ሁለት ለባለቤቷ፤
ሁሉን ለእንግዳ ሰጥታ ጦም ያደረች ቤት ትፈርሳለች በሌሊቷ።
ይህን ለወሎ ልጅ ማስረዳት ነው ከሁሉ የከበደኝ፤
“እንግዳ አይደል? አንድ ተኩል ስጠው” አለች አሚናት፤ ሳቅ ገደለኝ።

ስናፕሾት የሚሉት አለ፤ የዛሬን ቤት እንዳለ ታስቀምጣለህ፣
ነገ ቢፈርስ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ትመለሳለህ።
ይመር ሆን ብሎ ፋይሉን ሁሉ ደመሰሰ። ጨለመ። መለሰው። ሳቁ።
ደግሞ ደመሰሰ።
ከዚያ አንዳቸው፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣
“ይሄ ነገር ለከተማ አይሠራም?” አለ። አልሳቁም።
ጦሳ በመስኮቱ ጉም ለብሷል። መልስ አልነበረኝም፤
ክፍለ ጊዜውም አላለቀም።

ሲመሽ እንግዶቹን በየተራ እንሸኛለን፤ ባለቤቷ መጨረሻ ትተኛለች።
ማብሪያዋ እንደተሰበረ ነው፤ በእስክሪብቶ ጫፍ ስትነካ ትነሳለች።
የጠረጴዛዋ እግር? ትናንት አራጋውን መንገድ ላይ አገኘሁት፦
“ትመጣለች” አለኝ፣ “ትመጣለች።”