ቁጥር የሌለው ደጅ

ጦሩ ኩዌት በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሳልሚያ ሰፈር
ጎረምሶቹ ሌሊት መሰላል ይዘው ወጡ፤
የመንገዱን ስም ከየግንቡ ነቅለው፣
የየቤቱን ቁጥር በመዶሻ አርግፈው
ጎህ ሳይቀድ አመለጡ።
ወታደር ካርታውን ቢዘረጋ ቢያጥፍ ማዕዘኑን አጣ፤
ከተማው ስሙን ዋጥ አድርጎ
ያለ መታወቂያ ፀሐይ ላይ ተሰጣ።

እኔም የዋጥኩት ስም ነበረኝ።
አሠሪዎቼ በካፍጂ በኩል ሲሸሹ ከማቀዝቀዣው ጋር ትተውኝ፣
መሳቢያውን በሽንኩርት ቢላ ፈልቅቄ ፓስፖርቴን አወጣሁት፤
ሐያት ይላል።
ደላላ ነው የወለዳት፣ ጅቡቲ ላይ፣ ባንድ ከሰዓት።
ሐይቅ ዳር አባቴ ያወጣልኝ ግን ትሁኔ ነው፤
ከኔ በፊት ሦስት ቀብሮ፣
«ይቺስ ትሁን» ብሎ፣ ከሞት ተከራክሮ።

ታች ቤት ማዳም ኮሪ አለች፤ የሆላንድ ሴት፣ ባሏ የሞተባት።
ፈረንጅ ሁሉ ይመዝገብ ሲባል መጋረጃዋን ዘጋች።
«አንዴ ተመዝግበናል» አለችኝ በተሰባበረ ዓረብኛ፤
ከዱቄት ጣሳ ውስጥ የእናቷን ካርድ አወጣች፦
ፎቶ፣ የጣት አሻራ፣ አንድ ጥቁር ፊደል፣
እንደ ዓሣ መንጠቆ ታች ላይ የታጠፈ።
አይሁድ ማለት ነው አለች።
ከሀ እስከ ፐ በልቤ ቆጠርኩ፤ እኛ ጋ መሳይ የለውም።

«ማንም በር አልሰበረም። እናቴ ፀጉሯን አበጥራ
ራሷ ሄዳ ተሰለፈች፤ መመዝገቢያ ከፈለች፤
ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።
ጸሐፊው ጨዋ ነበር፣ ስሟን ሳይሳሳት ጻፈው።
እኔን ያተረፈኝ የተሳሳተ ስም ነው።»
ኮርኔሊያ፤ በሳንባ በሽታ የሞተች የጎረቤት ልጅ።

ሐሙስ ዕለት በሩ ተመታ።
አባያዬን አልብሻት ተኝታለች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ።
ወታደሩ ጢም አላበቀለም፤ ጫማው ክር የለውም።
ፓስፖርቴን ገልብጦ ያዘው፣ ፎቶዬ ቁልቁል፤
ያኔ ገባኝ፣ ማንበብ አይችልም።
«ስም?»
«ሐያት።»
«እሷስ?»
ሌላ ስም ብፈልግ ምላሴ ላይ አልነበረም።
«ትሁኔ» አልኩት። «አሮጊቷ። ታማለች።»
ትንሽ ቆመ። ዳቦ አለ ወይ አለኝ።
ሁለት ሰጠሁት፤ አንዱን በሸሚዙ ሸጎጠ፣
አንዱን እየገመጠ ደረጃውን ወረደ።

ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ «ምን አልሺው?» አለችኝ።
ነገርኳት፤ ፍቺውንም።
ቲ፣ ሁ፣ ኔ፣ እያለች አላመጠችው፣
ኋላ በተራዋ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ
አርባ ስምንት ዓመት ያልጠራችውን ጠራችው፦
ሳርቼ።

ጥቅምት ላይ በአውቶቡስ ወጣሁ፣ በባግዳድ አድርጌ ወደ ዮርዳኖስ።
ማኅተሙ ሁሉ የሚያውቀው ሐያትን ነው።
እሷ ትኑር አትኑር የነገረኝ የለም።
ሳልሚያም ቁጥሯን መልሳ ቸንክራ ይሆናል፤
ያን ደጅ ምራኝ የሚል ቢመጣ ግን
እኔ የማውቀው አራት የምስማር ቀዳዳ ነው፣
ባንደኛው ጉንዳን ሲገባ፣ ሲወጣ።