ፊልሙ ሳያልቅ አዳማ

ቃሊቲን ለቀን ስንወጣ፣ ከድር ፍላሹን ይሰካል፤
ስክሪኑ ሁለቴ ጠቁሮ፣ ሳል ቢጤ ስሎ፣ ይስቃል።
ሐሙስ ሐሙስ የኔ ቀን ነው። ክርና አዝራር ከመርካቶ
ገዝቼ ስመለስ ማታ፣ ፌስታሉ ጭኔ ላይ ተኝቶ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ፣ ስንት ኮሜዲ አየሁ መሰላችሁ!
አንዱንም ግን እስከ ጫፉ... እሱን እንኳ አልዋሻችሁ።

ሰማንያ ደቂቃ መንገድ፣ መቶ አስር ደቂቃ ፊልም፤
የቀረው ሠላሳ ደቂቃ የት እንደሚወርድ አላውቅም።

አንደኛ የምወደው፦ ዕዳ ፈርቶ "ሞቷል" ያስባለ ሰውዬ፣
ሳጥን ውስጥ ተጋድሞ ሳለ፣ አበዳሪው "ወይኔ አንበሳዬ!
ብሩስ ይቅር፣ አንተን ባገኝ!" እያለ ደረት ሲመታ፣
ሟች ክዳኑን ገርበብ አርጎ፣ "በጽሑፍ አርገው" ሊል ሲያመነታ፣
ዱከም ላይ ጎማ ፈነዳ። ሞተር ጠፋ፣ ሳጥኑም ጠፋ።
ከድር ጎማ አስቀይሮ ሲመለስ ሌላ ከፈተ፤ ያን ሰውዬ
እስካሁን ክዳን እንደያዘ አለ እላለሁ ለብቻዬ።

ሁለተኛው፦ ሽማግሌዎች የቤት ቁጥር ተሳስተው፣
ጋቢያቸውን አመቻችተው ካላሰቡት ደጅ ገብተው፣
"ልጅዎን ለልጃችን" ሲሉ፣ ሰውየው ለካ ልጅ የለውም!
ወግ ነውና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እምቢም እሺም አይልም፤
"መክረንበት እንነግራችኋለን፣ ለሁለት ሳምንት" ይላል።
ማንን ሊያማክር? ድመቱን። አውቶቡሱ ይንከተከታል፤
ከኋላ ወንበር ጋሽ ገመዳ፣ የጅቡቲ መንገድ ጡረተኛ፣
ሳቁ እንደ ከባድ መኪና ፍሬን፣ ጮሆ ጮሆ ነው የሚተኛ።
የቀጠሮው ቀን ደረሰና፣ በሩ ኳ ኳ ሲል በድንገት፣
ተራራው ላይ ነጫጮቹ፣ ባለ ሦስት ክንፍ የንፋስ ዘንጎች፣ ብቅ አሉ በመስኮት፤
ክፍያ ጣቢያ። ከድር "አዳማ! ዕቃ እንዳትረሱ!" ብሎ
ጠቅ። ሽማግሌዎቹም ቀሩ፣ በሩም ቀረ ተንጠልጥሎ።

ሦስተኛውን ልዝለለው።

እሺ፣ አልዘለውም።
ሴትዮዋ ናት። ባሏ ሄዷል። ሰፈር እንዳይሰማባት
ጫማውን በር ላይ ታኖራለች፣ ጠዋት ጠዋት ቀለም ቀብታ፤
ማታ ማታ፣ ለብቻዋ፣ በወፍራም ድምፅ ታስላለች፤
ጎረቤት ስኳር ሊበደር ሲመጣ፣ ወደ ባዶ ጓዳ ዞራ
"ዝም በል አንተ፣ ሰው አለ!" ትላለች።
አውቶቡሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፌስታሉ ከጭኔ ዘለለ፤
አዝራር በየወንበሩ ሥር ተንከባለለ።
ጎንበስ ብዬ ለቀማ ያዝኩ፣
አዝራሩ ካለቀ በኋላም ለቀማ ያዝኩ፣
ምክንያቱም ፍራንኮ ጀርባ፣ የልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ፣
ቁጥር አርባ ሁለት፣ ቡናማ፣
ሦስት ዓመት የቆመ ጫማ አለ።
"ጅቡቲ ነው" እላለሁ። "ለበዓል ይመጣል" እላለሁ።
የትኛው በዓል ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሞጆን ስናልፍ አላስችል አለኝ፤
"ከድር፣ የኔ ልጅ፣ የዚህችስ መጨረሻ ምንድን ነው?"
"እኔ እንጃ፣ እትዬ ሸጊቱ" አለኝ፤
"እኔም እኮ አዳማ ነው የምወርደው።"
ጋሽ ገመዳ ከኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፦
"ምን መጨረሻ አለው! ጫማውን ለሚራመድበት ትስጠዋ!"
ከፊልሙ ይልቅ በሱ ተሳቀ።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ፍላሹ ተሰካ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።
በወንበሮቹ መሃል የከድር እግር ሲጥ ሲጥ ይላል፤
ቡናማ። ትንሽ ሰፍቶታል፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቋል።
ጋሽ ገመዳ ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣
እምቢም እሺም አላለ።

ፊልሙ ገና አልጀመረም።
እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ።