ሁለት ወንፊት

አኪታ ውስጥ ጥር ነው፤ በረዶው ጣራ አክሏል፤
የምርመራው አውቶቡስ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሟል።
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ነርስ ኪኩዬ እየተባልኩ፣
ኖራ የመሰለ ባሪየም ለባዶ ሆድ አቀበልኩ፤
«አታግሳ፣ ትንሽ ታገሥ፣ ወደ ቀኝህ ዙር» እያልኩ።

ካቻምና ግን አዲስ መጣ፤ አንድ ብልቃጥ ደም፣
ከክንድ ተቀድቶ የሚያበቃ፤ ኖራም የለ፣ መገላበጥም።
ዘንድሮ ከንቲባው ጻፉ፦ «ገንዘቡ ለአንዱ ነው፤
አወዳድሪና ንገሪን፤ የቱ ነው የሚታመነው?»

ደብተሬን ዘረጋሁ።
ሺህ ሰው በሁለቱም አልፏል፤ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ፤
ታማሚው ስምንት ሆነ፤ በካሜራ አረጋገጥሁ።
ባሪየሙ ፈሪ ነው፤ ከስምንቱ ሰባት ያዘ፤
ግን መቶ ሰው ጠርቶ፣ ዘጠና ሦስቱን በከንቱ አናወዘ።
ደሙ ግን ቁጥብ ነው፤ ሠላሳ ሰው ጠራ፤
ስድስቱ ላይ አገኘን ደዌ ጎጆ ሲሠራ።
ባሪየም ከጠራው መቶ፣ የታመመው ሰባት፤
ደም ከጠራው ግን ከአምስት አንድ። በስሌት
ደሙ አሸነፈ።

ሐትሱኖ ከመቶዎቹ ናት። ቀይ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ደርሷት
እስከ ካሜራው ቀን አሥራ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሳት።
ድመቷን ለጎረቤት ሰጠች፤ «ማን ያበላታል ስሞት?»
«ነጻ ነሽ» አልኳት። ሳቀች።
ድመቷን «መልሱልኝ» ማለት ግን አፈረች፤
እስካሁን በአጥሩ ቀዳዳ ስሟን እየጠራች።
ይህንን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?

ቶሜኪቺ ሳኬ ጠማቂው፣ ደሙ «ደህና ነህ» ያለው፣
ዛሬም ሩዙን ያጥባል፤ ያተረፈው ያ ኖራ ነው።
ደሙን ብመርጥ፣ የሚመጣውን ቶሜኪቺ ሸኘሁ፤
ኖራውን ብመርጥ፣ ስንት ድመት ቤት አስለወጥሁ?

ስምንተኛው ጌንዞ ነው፤ ይህን አውቶቡስ ሲነዳ
ሁለቱንም ሾልኮ አለፈ፤ ለካስ ወንፊት ማለት ቀዳዳ።
«ሁለቴ ነጻ ወጣሁ!» ብሎ ዓሣ ጠብሶ ጋበዘን፤
ሩዙ ሲታጨድ ሸኘነው፣ አመዱን በሣጥን ይዘን።

ማጣሪያ እንለዋለን። ያጣራል፤ ያጣልም።
ከንቲባው የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው፤ ሁለት አይደለም።

«ደሙ» ብዬ ጻፍሁ። ሰረዝሁ። «ባሪየሙ» ብዬ ጻፍሁ።
ውጭ አዲሱ ሹፌር፣ ጎማው ሥር ተንበርክኮ፣
የበረዶ ሰንሰለት ይፈታል፤
ብዕሬን ተውኩና ወጥቼ
«አንተስ ተመርምረሃል?» ብዬ ጠየቅሁ።