ሌሊት ስምንት ሰዓት

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል የሀገሬ ሰው፤
ለእኛ በጥቅምት የደረሰን ግን በረዶ ነው።

ሽምብጥ፣ ከውሃው ዳር፣ ይርሳው ዲሽ ቤት፣
ጤዛው ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚልበት፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ሰባት ሰው ጋቢውን ተከናንቦ
አንድ ቴሌቪዥን ከቦ።

ነገሩ በስህተት ነው የጀመረው።
የመስከረም ነፋስ ሳህኑን ገፋው፤
ይርሳው ጣሪያ ወጥቶ፣ ጉልበቱን ተልጦ፣
ኳስ ሲፈልግ መጣ ሌላ ነገር አፈትልኮ አምልጦ፦
ጥርሳቸው የረገፈ፣ ቆብ የደፉ፣
በቢላዋ ጫማ ነጭ ሜዳ የሚገርፉ፣
ግድግዳ ለግድግዳ የሚላተሙ፣
ወድቀው፣ ደም ተፍተው፣ ስቀው የሚቆሙ።

«ምንድን ነው?» አለ ባንተአምላክ፣ የጎሚስታው ልጅ፤
«ጠብ ነው ወይስ ጨዋታ? ለይልኝ እስቲ፣ ወዳጅ።»
ይርሳው ሊቀይረው ሪሞቱን ሲያነሳ
ክንዱን ያዘው ጥሩሰው፣ አጥማጁ፣ እጁ የሚሸት ዓሣ፦
«ተው፣ አትንካው» አለ፣ «ሐይቅ ነው የቆመ፤
ከሥሩ ዓሣ አለ፣ ተኝቶ ሙቀት ያለመ።»

በዚያው ቀረን።

ቡድን መምረጥ ነበረብን፤ ስማቸው ለአፍ አይመችም፤
ደረታቸው ላይ ድብ አለ፤ ድብ በጣና አይታወቅም፤
«ቀዮቹ» አልናቸው። አሥራ ሰባት ቁጥሩን፣
ወገበ ሰፊውን፣ «ጉማሬ» አልን ግዙፉን።
በረኛውን ውባለም «ልጄ» ነው የምትለው፤
ዓሣ ጠብሳ ስታበቃ፣ የዘይት ሽታዋን ይዛ መምጣቷ ለእሱ ነው፦
«ይሄን ሁሉ ድንጋይ በደረቱ ሲቀበል
እናት የለውም ወይ፣ ‹በቃህ፣ ግባ› የምትል?»

የመጀመሪያው ጨዋታ፦ አምስት ለአንድ። ተሸነፍን።
ሁለተኛው፦ ሦስት ለባዶ። ተሸነፍን።
«ገና መጀመሪያው ነው» አለ ይርሳው፣ ሻይ እየቀዳ፤
«ሰማንያ ጨዋታ አላቸው፣ ማን ያውቃል የነገን ዕዳ?»
ሰማንያ! ከሁዳዴ ይበልጣል፤
ለሰማንያ ሌሊት ሰው ከየት እንቅልፍ ያመጣል?

ሦስተኛው ግን፣
ሦስተኛውን ጉማሬ ወድቆ ሳለ አገባ፤
በሆዱ እየተንሸራተተ፣ እንደ ታንኳ፣ አብሮ ገባ።
ውባለም እልል አለች። ጎረቤት መብራት አበራ፤
«ምን ሆናችሁ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ከአጥር ማዶ ተጣራ።
«አሸነፍን!» አልነው። «ማን ማንን?» አለ።
መልስ አጥተን ዝም አልን፤ ሳቀና፣ ከሳቁ አስከትሎ ሳለ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ለማንም አልተናገርሁም፤
ያቺን ጥቁር ጠፍጣፋ ኳስ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም።
ሰዎቹ ሲከንፉ እከንፋለሁ በዓይኔ፤
ቀይ መብራት ሲበራ እጮሃለሁ እኔ፤
የት እንደነበረች ግን፣ በየት እንደገባች፣
እንጃ፤ እንደ ዝንብ ናት፣ እልም ብላ ጠፋች።

አራተኛው ሌሊት። ሁለት ለሁለት። አርባ ሰከንድ ቀረ።
ጉማሬ ዱላውን አነሳ፤ የሰባታችን ትንፋሽ ታሰረ፤
መብራት ጠፋ።
ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ድልድይ ጨለማ ብቻ ተደፋ።

ማንም አልተነሳም። ስልክ ላይ ኔትወርክ የለም።
«ገብታለች» አለች በጨለማው ውባለም።
«አልገባችም» አለ ይርሳው፤ ክርክሩ ጦፈ፤
ሻዩ በረደ፤ ሌሊቱ እንደዚያው አለፈ።

ሲነጋጋ ጥሩሰውን በባጃጄ ውሃው ዳር አደረስሁት።
ጭጋግ ነው፤ ሐይቁን ደሴቶቹን ውጦ አየሁት።
ታንኳው ላይ ቆሞ በመቅዘፊያው ውሃውን መታ መታ አደረገው፤
እንደ በር። ረግቶ እንደሆን ሊፈትነው።
«ጥሩሰው» አልሁት፣ «ለመሆኑ ያቺን ኳስ ታያታለህ?»
«አንተስ» አለ፣ «እኔ ዓሣውን አይቼ መረብ የምጥል መሰለህ?»

ጭጋጉ ዋጠው። የመቅዘፊያው ድምፅ ቀረ።
ባጃጄም እንደ ባለቤቱ እንቅልፍ አጥቶ ነው መሰል፣ በስንት ግፊያ ዞረ።

ማደያ ወረፋ ላይ፣ ወሬያችንን የሰማ ቀጂ «ስንት ለስንት?» ሲለኝ ጠዋት፣
ፊቴን ሳልቀይር አልሁት፦ «ሦስት ለሁለት።»