ባልዲ የሚል ዓምድ

ሁለት መዝገብ ሰጡኝ፣ «አዋህዳቸው» ብለው፤
አንደኛው የዛፍ ነው፣ ሁለተኛው የሰው።
ላይፕሲግ፣ ማዘጋጃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከመስኮቴ ማዶ ሐዲድና ሰማይ።

የዛፉ መዝገብ ላይ፦ ቁጥር፣ ቁመት፣ ዙሪያ፣
የተከሉት ዓመት፣ ጤና እና ዝርያ።
የሰው መዝገብ ደግሞ፦ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ኪራይ፣
ስንት ነፍስ ይኖራል በስንት ካሬ ላይ።
ጎን ለጎን ቢኖሩም አንዱ ላንዱ ባዳ፣
ሰላምታ እንደሌለው የፎቅ ቤት እንግዳ።

አንድ ዓምድ ብቻ ግን ሁለቱም ጋር አለ፣
«ከየት መጣ?» የሚል፣
ለዛፉም ለሰዉም እኩል የተጣለ።

ሊንደን፣ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሰባት፣
ገመድ ሠሪዎች ጎዳና፣ ከስምንት ቁጥር ፊት።
«ከየት?» ከደቡብ። «ሁኔታ?» ደርቋል።
«ምክንያት?» የዝናብ እጦት።

በሌላው መዝገብ፣ እዚያው ስምንት ቁጥር፣
ወይዘሮ ቱየት፣ ሰባ አንድ ዓመቷ።
«ከየት?» ከቬትናም። ጥጥ ልትፈትል መጥታ
ፋብሪካው ተዘጋ፤ እሷ ቀረች በቤቷ።
«ሁኔታ?» ለቅቃለች። «ምክንያት?» ባዶ ነው።
አጠገቡ ኪራዩ ቆሟል፣ እጥፍ ሆኖ።

ቀኖቹን አስተያየሁ። እሷ በመጋቢት፤
ዛፉ በዓመቱ፣ በነሐሴ።
(እዚህ አገር ነሐሴ ፀሐይ ነው።)

ወረድኩ። ጉቶ። አጠገቡ መኪና የሚያጥብ ሰው፣
አቶ ኤክሃርት። ስሙን ከመዝገብ አውቀዋለሁ፤
አሥራ አንድ አቤቱታ፦
«የዚህ ዛፍ ወዝ መኪናዬን አጣበቀ!»
እሱው ነው የነገረኝ፣ ጨርቁን እየጨመቀ፦

«ማታ ማታ ሁለት ባልዲ ታወርድለት ነበር፣
አትክልት ያጠበችበትን፣ ከአራተኛ ፎቅ።
ሊፍት የለንም።
እኔማ ዝናቡ ይበቃዋል ብዬ...»
ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ። «ጥላ ነበረው» አለ።

ቢሮ ተመለስኩ፣ ቁልፍ ፍለጋ፣
ሁለቱን ሠንጠረዥ የሚያገናኝ ቁልፍ፤
እሷ የራሷን ላከራይ አስረክባ ሄዳለች፣
ያለ ፊርማ፣ ያለ ደብዳቤ፣ ባንድ ሻንጣ ትርፍ።

አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ ባልዲ።

አለቃዬ ሮስቪታ መነጽሯን አወለቀች።
«መለኪያው ምንድነው? ሊትር?»
«ደረጃ» አልኳት።
«የምን ደረጃ?»
«ሰባ ሁለት። ለመውረዱ ብቻ።»

አላጠፋችውም።
ዓምዱ እስከ ዛሬ አለ፤
ካንዲት ረድፍ በቀር፣ ከላይ እስከ ታች ባዶ።