መሐለኛው ዓምድ

ሞራን ደብተሯን በሦስት አስምራ፣
እንግሊዝኛው በቀኝ፣ ዕብራይስጡ በግራ፣
መሐሉን ለእኔ ተወችው፣ ያውም በስንት ልመና፤
ዓምዴም እስከ ዛሬ ማታ ሲሞላ ነበር በደኅና።

ነገ የባግሩት ፈተና ነው። ወደ ጊቭዓት ሃሞሬ
አውቶቡሱ እያቃሰተ ይወጣል፤ ደክሞኛል ዛሬ።

«እማ፣ ቲተር ማለት?»
«ምን ዓይነት ነገር ነው?» «ሳቅ ነው፣ ግን የፈሩት፣
ሊወጣ ሲል የያዙት፣ ከንፈር ላይ ያስቀሩት።»

የሳቅን ዘር ቆጠርኩላት፤ ከት ብሎ መሳቅ አለ፣
መንከትከት፣ መፍለቅለቅ፣ ጎኑን ይዞ ፍርስ ያለ፣
ፈገግታ አለ፣ ሽሙጥ አለ፣ ከአንገት በላይም አለ።
ራሷን ነቀነቀች፦ «ይኼ አይደለም እማ፤
ትንሽ ነው፣ ፈሪ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።»

ያኔ አባ ጀምበሩ መጡብኝ።
ባለፈው ወር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
በሰዓት የምትከፈል አስተርጓሚ፣
ፕላስቲክ ወንበር ስቤ ከሁለቱ ሰዎች መሐል።
ሐኪሙ ተናገረ፤ ድምፁ ደግ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ።
ቃሉን እንደ ፍም ተቀበልኩ፣ ከመዳፍ መዳፍ አዛወርኩት፤
«አባቴ፣ ጉበትዎ ላይ ያለው አይነቀልም አሉ» አልኩ። አሳነስኩት።

አባ ጀምበሩ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤
ትከሻቸው ሁለት ጊዜ ነጠረ፣
በጣቶቻቸው መሐል አንድ ቀጭን ነገር አመለጠ፣
ጸሎት መሐል፣ በቄሱ ፊት፣ ልጅን እንደሚያመልጠው።

«ምን አሳቀው?» አለኝ ሐኪሙ።
ሁለት ቋንቋ ይዤ ሁለቱም ከዱኝ።
ጥርስ ባዳ ነው ልበለው? ዘመዱ ሲሞት የሚስቅ?
ይኼስ በየትኛው ቅጽ፣ በየትኛው ሣጥን ይጠየቅ?
ዝም አልኩ። እሱም ጻፈ፦ «በሽተኛው አልገባውም።»
ገብቷቸው ነበር። ከእኔ ቀድሞ። ያንን ግን አልነገርኩትም።

አፉላ! ስምሽ ውስጥ አፍ አለ፤
ስንቱ በመዳፍ ከድኖት ዋለ።

«ከዚያስ?» አለች ሞራን እርሳሷን ነክሳ።
«ከዚያማ ማክሰኞ አረፉ። አታውቂያቸውም እንዴ?
ከሕንፃው በር፣ አግዳሚው ላይ፣ የተቆላ ሱፍ በኪሳቸው ይዘው፣
‹ሙሬ› እያሉ የሚጠሩሽን?»

እጇ በራሱ ተነሣ። እኔ አላስተማርኳት፤
እዚህ ተወልዳ፣ በሌላ ቋንቋ አልቅሳ ያደገች ናት።
መዳፏ አፏን ከደነ፣ ትከሻዋ ነጠረ፣
ሁለት ጊዜ፤
ዓይኗ ግን አቀረረ።

«ይቅርታ እማ፣ አልሳቅኩም፣ ማለቴ...»
«ተይው፣» አልኳት፣ ራሷን ወደ ደረቴ ስቤ።

ደብተሩ ክፍት ነው።
እንግሊዝኛው ተጽፏል፤ ዕብራይስጡም ተጽፏል።
መሐሉ ላይ፣ በእኔው ዓምድ፣
የሱፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ፣
እርሳሱ ሲወድቅ የነካው።