ጎመን ላይ የወደቀችው

ግንቦት ላይ ውል ያልቃል፤ ሰኔ ቤት ይለቃል፤
ከግሪምስቢ ተነሥቶ ሃርትልፑል ይዘልቃል።
አሥራ ስድስት ዓመት ዘጠኝ ማልያ ቀየረ፣
ሰባ ሦስት ጎል ኦልድሮይድ አስቆጠረ፤
ግማሹን በጉልበት፣ አንዱን በጆሮ ግንድ፣
አንዱን ያስገባለት የባሕር ነፋስ ነው፣ እሱ ሳይወድ በግድ።

ዛሬ ቧንቧ ጠጋኝ። ጉልበቱ ይንቋቋል፤
ከማጠቢያው ሥር ገብቶ ብሎን ያጠብቃል።

ሽማግሌው ሃዝልዲን ሻይ ይዘው መጡና፣
«አንተ ነህ!» አሉት፣ መልኩን አጤኑና፣
«በዚያ በዝናብ ለት፣ ያቺን ፍጹም ቅጣት፣
ጣራውን አሻግረህ ጎመኔ ላይ ጣልካት!»

ስለ ሰባ ሦስቱ አንድም ቃል የለም።
ብሎኑን እንደያዘ ኦልድሮይድ ቀና አላለም።
ሽማግሌው ግን ወጡ፤ ጓዳ ውስጥ ቆርቆሮ ተንኳኳ፤
ይዘዋት መጡ።
ዛሬም ትነጥራለች ለካ።